ስለ አውቶሞቢል የፊት መብራት መደብዘዝና ስለ አዳሹ ባለሙያ አደራ

መብራት የሚበራው ለሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው በጨለማ የሚሄደው ሰው መንገዱን እንዲያይ፥ ሁለተኛውም ሌላው መንገደኛ እርሱን እንዲያየው ነው። ከሁለቱ አንዱ የጐደለበት መብራት በስሙ መብራት ቢባልም በሥራው ግን ከጨለማ የሚቈጠር ነው። በአዲስ አበባና በሌሎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ሲመሽ ከሚመላለሱት አውቶሞቢሎች መካከል የፊት መብራታቸው ሽፋን ቢጫ የሆነ፥ ወይም ሞራ እንደ ጋረደው ዐይን የደበዘዘ ብዙ ይታያል። ባለቤቶቹም ይህን እንደ መልክ ጕድለት ብቻ እየቈጠሩ አንዳንዶቹ ዝም ብለው ይተዉታል፤ ሌሎቹም በመንገድ ዳር ወይም በላቫጆ ለሚገኝ ሠራተኛ ጥቂት ገንዘብ ሰጥተው ያስወለውሉታል። ዳሩ ግን ነገሩ የመልክ ሳይሆን የሕይወት ነገር ነው፤ ሥራውም የመወልወል ሥራ ብቻ ሳይሆን የአደራ ሥራ ነው።

ችግሩ ከምን እንደ መጣ ለመረዳት በመጀመሪያ መብራቱ ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በቀድሞው ዘመን የአውቶሞቢል መብራት ፊቱ የሚሸፈነው በብርጭቆ ነበር። ብርጭቆ ጠጠር ሲመታው ይሰነጠቃል እንጂ ፀሐይ ሲውልበት ቀለሙን አይለውጥም። በአሜሪካ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1940 ጀምሮ የሚሠራበት ብርጭቆው፥ አምፑሉና አንጸባራቂው በአንድነት የታሸገው መብራት ነበር፤ አምፑሉ ለብቻው የሚለወጥ ሌላ ዓይነት መብራት የተፈቀደውም በ1983 ነው። ከዚያ በፊት በ1953 በጀርመን አገር የባየር ኩባንያ ሊቅ ሔርማን ሽኔል፥ በዚያው ዘመንም በአሜሪካ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሊቅ ዳንኤል ፎክስ፥ አንዱ ከሌላው ሳይማከር ፖሊካርቦኔት የሚባለውን ጥርት ያለና ጽኑ ፕላስቲክ አግኝተው ነበር። የአውቶሞቢል ፋብሪካዎችም እያደር ብርጭቆውን ትተው ወደዚህ ፕላስቲክ ዞሩ፤ ምክንያቱም ክብደቱ ቀላል ነው፤ ጠጠር ሲመታው ቶሎ አይሰበርም፤ በተፈለገውም ቅርጽ ይቀረጻል።

ይሁን እንጂ ፖሊካርቦኔት ሁለት ድካም አለበት። አንደኛ፥ በቀላሉ ይጫራል፤ ሁለተኛ፥ አልትራቫዮሌት የሚባለው ዐይን የማያየው የፀሐይ ጨረር ሲደርስበት ቢጫ ይሆናል፤ ላዩም ይሻክራል። ስለዚህ ፋብሪካው ከላዩ እጅግ ስስ የሆነ ጠንካራ ሽፋን ይቀባዋል፤ ይህም ቅብ ጨረሩን እየተከላከለ ፕላስቲኩን ይጠብቃል። እንግዲህ መብራቱን ለብዙ ጊዜ አዲስ አድርጎ የሚያቈየው የሚታየው ፕላስቲክ ሳይሆን የማይታየው ቅብ ነው። ጠባቂው ባለቀ ጊዜ የሚጠበቀው ይበላሻል። በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ደግሞ ይህ ጨረር ይበረታል፤ ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ጨረሩ 10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ አዲስ አበባም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት። በዚህ ላይ አውቶሞቢሉ ቀኑን ሙሉ ጥላ በሌለበት ስፍራ ሲቆም፥ የመንገዱም አቧራ በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግበት፥ ቅቡ ከጊዜው በፊት ያልቃል።

ሽፋኑ ሲደበዝዝ ብርሃኑ የሚያንሰው ብቻ አይደለም፤ የቀረውም ይበተናል። ወደ ፊት በመንገዱ ላይ ሊዘረጋ የሚገባው ብርሃን ወደ ላይና ወደ ጐን ይረጫል፤ ነጂውን አያሳየውም፥ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ግን ዐይኑን ያጥበረብረዋል። ኤ.ኤ.ኤ. የሚባለው የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር በ2018 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባደረገው ምርመራ 11 ዓመት ገደማ ያገለገሉ የደበዘዙ መብራቶች የሚሰጡት ብርሃን የአዲሱን መብራት 22 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል በአንዲት ሰኮንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ ነጂው አንድ ሰኮንድ ዘግይቶ ያየው ሰው 22 ሜትር ቀርቦ ያየው ሰው ነው። ከከተማ ውጭ ባለው መንገድ ደግሞ ሌሊት የሚሄደው ብዙ ነው፤ ገበያ ውሎ የሚመለስ ገበሬ፥ ከብቱን የሚነዳ እረኛ፥ ለማሕሌትና ለኪዳን በሌሊት የሚገሠግሥ ካህንና ምእመን ሁሉ የመንገዱን ዳር ይዞ ይጓዛል። ከሁሉ የከፋውም መደብዘዙ ቀስ በቀስ የሚመጣ መሆኑ ነው፤ የነጂው ዐይን ከቀን ወደ ቀን ስለሚለምደው ብርሃኑ ምን ያህል እንደ ጐደለ አይታወቀውም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ አሮጌውን መብራት ጥሎ አዲስ መግዛት ይሻላል ይል ይሆናል። በእርግጥ ለሚችል ሰው ከዚህ የሚሻል የለም። ዳሩ ግን ሁሉም አይችልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ቍጥር 1186 በአሮጌ አውቶሞቢሎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። የሁለቱም ምክንያት የታወቀ ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ በአገር ውስጥ ያለው አውቶሞቢል ሁሉ ገና ብዙ ዘመን እንዲያገለግል ይፈለጋል። መለዋወጫውም የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት አዲሶቹም ቢሆኑ የመብራታቸው ሽፋን ያው ፕላስቲክ ስለ ሆነ ጊዜው ሲደርስ ከዚህ ችግር አያመልጡም። ስለዚህ የደበዘዘውን መብራት ማደስ የሚናቅ ሥራ አይደለም፤ የባለቤቱን ገንዘብ የሚቈጥብ፥ ለወጣቱም እንጀራ የሚሆን፥ በደንብ ከተሠራ ነፍስ የሚያድን ሙያ ነው። ጥያቄው ሥራው ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚለው ሳይሆን እንዴት ይሠራ የሚለው ነው።

የሥራው የመጀመሪያ ችግር በሽታውን ለይቶ ማወቅ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ያላወቀውም እንዲሁ ነው። መብራት የሚደበዝዘው በላዩ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዱ ማሸጊያው ላልቶ እርጥበት ገብቶበት በውስጥ የጨፈገገ ነው፤ ሌላው በስተኋላ ያለው አንጸባራቂ ተቃጥሎ የጠቈረ ነው፤ ሌላውም አምፑሉ አርጅቶ ኀይሉ የደከመ ነው። ለዚህ ቀላል መለያ አለ። ባለሙያው ሽፋኑን በውሃ ሲያርሰው ለጊዜው የሚጠራ ከሆነ ጕዳቱ በላይ ነው፤ ውሃው የሻከረውን ቀዳዳ ስለሚሞላው ብርሃን ሳይበተን ያልፋልና። ረጥቦም ካልጠራ ግን ጕዳቱ በውስጥ ነው፤ እንዲህ ያለውን መብራት ከውጭ ሲፈትጉት ቢውሉ ትርፉ ድካም ነው። ይህን ሳይመረምር ሥራውን የሚቀበል ሠራተኛ ገንዘቡን የሚቀበለው ሊፈውሰው በማይችለው በሽታ ላይ ነው።

ሁለተኛው ችግር ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ መሆኑ ነው። የፋብሪካው ቅብ በአንዳንድ ስፍራ ተላጦ በሌላው ስፍራ ስለሚቀር ቀሪው በሙሉ ካልተነሣ አዲሱ ቅብ በእኩል አይያዝም፤ መብራቱም ዝንጕርጕር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ባለሙያው በዙሪያው ያለው ቀለም እንዳይጫር በወረቀት ፕላስተር ከሸፈነ በኋላ ሻካራ ከሆነው ከቍጥር 600 ወይም 800 የብርጭቆ ወረቀት ተነሥቶ በ1,000፥ በ2,000 እስከ 3,000 ድረስ እያለዘበ በውሃ ይፈትጋል፤ እያንዳንዱም ወረቀት ፊተኛው የተወውን ጭረት ማጥፋት አለበት። አንዱን ደረጃ የዘለለ ሠራተኛ በቀን ብርሃን ባይታወቅበትም ሌሊት መብራቱ ሲበራ ጭረቱ ይመሰክርበታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህ ሠራተኛ ይስማማል።

ከዚህም በኋላ ዋናው ሥራ ገና ነው። ተፈትጎ የጠራው ፕላስቲክ ጠባቂው የተገፈፈበት ራቁቱን የቀረ ፕላስቲክ ስለ ሆነ ጨረር የሚከላከል አዲስ ቅብ፥ በጋራዦች ክሊር የሚባለው፥ ካልለበሰ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ይደበዝዛል። ክሊሩም ለዚሁ ለመብራት የተሠራ መሆን ይገባዋል፤ ለቤት ዕቃ የተዘጋጀው ቫርኒሽ ፀሐይ ሲያገኘው ራሱ ቢጫ ሆኖ ይላጣል። ቅቡን ለመቀባት ደግሞ አቧራ የሌለበት ደረቅ ስፍራ ያስፈልጋል። በበጋ የመንገድ አቧራ በእርጥቡ ቅብ ላይ ይለጠፋል፤ በክረምት ዝናቡና እርጥበቱ ያጨፈግገዋል፤ እስኪደርቅም ድረስ አውቶሞቢሉ መቆም አለበት፤ ባለቤቱ ግን ቶሎ ስጡኝ ይላል። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ክሊር ሲረጭም በትንፋሽ የሚገባው ብናኝ ሳንባን ስለሚጐዳ ሠራተኛው ተገቢውን የአፍና የአፍንጫ መከላከያ ማድረግ ይገባዋል። ይህ ሁሉ ጊዜና ገንዘብ ያስወጣል።

ሦስተኛው ችግር ከዚህ ይወለዳል፤ ይኸውም አቋራጭ መንገድ ነው። አንዳንዱ በጥርስ ሳሙና ይፈትጋል፤ ይህ ላይ ላዩን ጥቂት ያጠራል፥ ጠባቂ ቅብ ግን አይተካም። ሌላው ናፍጣ ወይም ዘይት ይቀባል፤ ይህ ደግሞ ውሃው እንደሚያደርገው ቀዳዳውን ሞልቶ ለጊዜው ያሳምረዋል፤ ባለቤቱ ቤቱ ሳይደርስ አቧራ ይስበዋል፥ በመጀመሪያው እጥበትም ይጠፋል። ለትንኝ መከላከያ የተዘጋጀውን መድኃኒት የሚቀባም አለ፤ ይህ መድኃኒት የፕላስቲኩን ላይ የሚያሟሟ ስለ ሆነ ዛሬ ያብረቀረቀው ነገ ይጐዳል። ሌላውም ፕላስቲክ የሚያሟሟ መድኃኒት በትንሽ ዕቃ አሙቆ በእንፋሎቱ ላዩን ያለዝባል፤ እንፋሎቱ ለሚተነፍሰው ሰው መርዝ ነው፥ ፕላስቲኩም ውሎ አድሮ ሊሰነጣጠቅ ይችላል። የደበዘዘውን ሽፋን እንዳለ ትቶ ኀይሉ የበረታ አምፑል የሚያስገባውም ከእነዚህ የሚለይ አይደለም፤ የሚበተነውን ብርሃን አበዛ እንጂ መንገዱን አላበራም።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ችግር በደንበኛውና በባለሙያው መካከል ያለው ነው። ሥራው ባለቀበት ቀን በዘይት የተቀባው መብራትና በሚገባ ተፈትጎ አዲስ ቅብ የለበሰው መብራት በደንበኛው ዐይን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ያበራሉ። ልዩነታቸው የሚገለጠው አንደኛው ከሳምንት በኋላ ሲጨልም ሁለተኛው ሳይለወጥ ሲቈይ ነው። ስለዚህ ደንበኛው ሁለት ዋጋ በሰማ ጊዜ ርካሹን ይመርጣል፤ እውነተኛውም ሠራተኛ የክሊሩን፥ የወረቀቱንና የጊዜውን ዋጋ ስለ ጨመረበት ብቻ ወስላታ ይመስለዋል። እንዲህም እየሆነ በደንብ የሚሠራው ገበያውን ያጣል፤ ወይም ከገበያው ላለመውጣት እርሱም የማይታየውን ሥራ መተው ይጀምራል። ሙያ የሚወድቀው እንዲህ ነው፤ ክፉ ሠራተኛ ስለ በዛ ብቻ ሳይሆን ደግ ሥራን የሚለይ ደንበኛ ስለ ጠፋም ነው።

በዚህ ላይ ሠራተኛው ምን በደለ፥ የሠራው ደንበኛው የጠየቀውን ነው የሚል መከራከሪያ ይነሣል። ነገሩ በጥቂቱ እውነት አለው። ድኻ ነጂ ያለውን ሰጥቶ ያለውን ያህል ቢያሠራ አይነቀፍም፤ ለጥቂት ወራት የሚያገለግል ጥራትም ከነአካቴው ከመጨለም ይሻላል። ነገር ግን ነቀፌታው ትንሽ በመሥራት ላይ ሳይሆን ትንሹን ሙሉ አስመስሎ በመሸጥ ላይ ነው። ይህ ሥራ ሁለት ወር ያቈያል ብሎ ሁለት ወር የሚያቈይ ሥራ የሸጠ ሰው እውነተኛ ነጋዴ ነው፤ አዲስ ሆኖልሃል ብሎ ያንኑ የሸጠ ግን ደንበኛውን ብቻ ሳይሆን ያን አውቶሞቢል በሌሊት የሚገጥመውን የማያውቀውን መንገደኛ በድሏል። ጫማ ቢበላሽ የሚጐዳው ገዢው ነው፤ መብራት ሲበላሽ ግን የሚጐዳው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። የዚህ ሙያ አደራ ከሌላው የሚከብደው ስለዚህ ነው።

በደንብ የታደሰ መብራት እንኳ ሙሉ በሙሉ አዲስ እንደማይሆን ማወቅ ይገባል። ከላይ የተጠቀሰው የአሜሪካ ማኅበር ምርመራ እንዳሳየው የታደሱት መብራቶች የተመለሰላቸው ብርሃን የአዲሱን 70 በመቶ ያህል ነበር። ከ22 ወደ 70 መድረስ ታላቅ ነገር ነው፤ መቶ ግን አይደለም። እንግዲህ እንደ አዲስ አደርገዋለሁ ብሎ የሚምል ባለሙያ ከሚችለው በላይ ቃል ገብቷል፤ እንደ አዲስ ካልሆነ ብሎ የሚጣላ ደንበኛም ሥራው ሊሰጥ የማይችለውን ጠይቋል። ከሥራው በፊት የተነገረ እውነት ከሥራው በኋላ የሚመጣውን ጠብ ያስቀራል።

ስለዚህ ለባለሙያው የሚገባው ይህ ነው። መብራቱን በደንበኛው ፊት በውሃ አርሶ ጕዳቱ የት እንዳለ ያሳየው። በውስጥ የተበላሸውን፥ የተሰነጠቀውን፥ አንጸባራቂው የተቃጠለውን አልችልም ብሎ ይመልሰው፤ እንዲህ ብሎ የመለሰው ደንበኛ ሌላ ቀን አምኖት ይመጣል። የመፈተጊያውን ዋጋና የቅቡን ዋጋ ለይቶ በወረቀት ይጻፍለት፤ ቅቡን አልፈልግም ያለ ደንበኛ ምን እንደ ተወ ዐውቆ ይተወው። ከሥራው በፊትና በኋላ በስልኩ ፎቶግራፍ ያንሣ። መብራቱን ከስፍራው ፈትቶ ከሠራውም ብርሃኑ የሚወድቅበትን አቅጣጫ ሳያስተካክል አይመልሰው፤ ጠርቶ ወደ ላይ የሚያበራ መብራት ከደበዘዘው ያልተሻለ አደጋ ነውና።

ደንበኛውም ድርሻ አለበት። ዋጋው ስንት ነው ብሎ ከመጠየቁ በፊት ከፈተጋችሁ በኋላ ምን ትቀቡታላችሁ ብሎ ይጠይቅ፤ ይህ አንድ ጥያቄ ደጉን ሠራተኛ ከአቋራጩ ይለያል። ቅቡ እስኪደርቅ አይቸኩል፤ አውቶሞቢሉን በጥላ ያቁም፤ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ሳይሆን በውሃና በለስላሳ ሳሙና ያጥበው። በየጥቂት ወሩም ሲመሽ አውቶሞቢሉን ከግድግዳ ፊት አቁሞ መብራቱን ይመልከት፤ ብርሃኑ የጠራ ዳርቻ ከሌለውና እንደ ጉም ከተበተነ የማደሻው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።

በሹማምንት እጅ ያለው ሥራ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። የመንግሥትም የቤተ ክህነትም መሥሪያ ቤቶች ብዙ አውቶሞቢል ያድሳሉ። መሥሪያ ቤቱ በጨረታው ላይ መብራት ማደስ ብሎ ብቻ ጽፎ አነስተኛውን ዋጋ የሚወስድ ከሆነ የገዛው ውልወላ ነው፤ በዓመቱ ሦስት ጊዜ ስለሚከፍልበትም ርካሽ ያለው ከውዱ በልጦ ይገኛል። ጨረር የሚከላከል ቅብ ይቀባል፥ ይህን ያህል ጊዜ ዋስትና ይሰጥበታል ብሎ ቢጽፍ ግን እውነተኛው ባለሙያ ሊወዳደር ይችላል፤ ሌላውም ሙያውን ለማሻሻል ይገደዳል። በየዓመቱ ቦሎ ለመስጠት በሚደረገው ምርመራ መርማሪው አምፑሉ መብራቱን ብቻ ሳይሆን ብርሃኑ ምን ያህል እንደ ሆነና ወዴት እንደሚወድቅ በመሣሪያ ቢለካ፥ ጐድሎ ያገኘውንም ባለቤት አሳድሰህ ተመለስ ቢለው፥ የብዙ ሰው ሕይወት ይተርፋል። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም ይህን ሥራ ከቀለም ቅብ ትምህርት ጋር ቢያስተምሩት፥ በመንገድ ዳር በልምድ ብቻ የሚሠራው ወጣት ሳንባውን ሳይጐዳ ሙያውን ያውቃል።

በድሮ ቤት የፋኖሱን ብርጭቆ በየማታው ከጥላሸት የምታጠራ ሴት እንግዳ ከመጣ በኋላ አትጀምርም ነበር፤ ሳይመሽ ታጠራው ነበር። የአውቶሞቢልም መብራት እንዲሁ ከአደጋ በፊት መታደስ ይገባዋል። ባለሙያው የማይታየውን ቅብ እንደሚታይ አድርጎ ይሥራ፤ ደንበኛው ለማይታየው ሥራ ዋጋ ይክፈል፤ ሹሙም የማይታየውን በመለኪያ ይመርምር። እነዚህ ሦስቱ በአንድነት ድርሻቸውን ከፈጸሙ፥ በሌሊት የመንገዱን ዳር ይዞ የሚሄደው እግረኛ ስማቸውን ባያውቅም በሰላም ቤቱ ይገባል።